የከሰዓት በኋላው ገብስ

«እጄን ነው የምትለው? እስቲ ደፍረህ በለው! እጄን ነው?»

ታይፒስታችን እትዬ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው ቴክኒሻኑ አፍንጫ ሥር አድርሰዋቸዋል። ቴክኒሻኑ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርግ ግድግዳው ከለከለው።

«እጅዎን አላልኩም እኮ፣ እትዬ። የሚጠፋው ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፈው ነው። ያልኩት ይኸንን ብቻ ነው።»

«ከሰዓት በኋላ የሚጽፈው ማን ነው?»

ቴክኒሻኑ መነጽሩን አስተካከለ።

«መልስ እንጂ! ከሰዓት በኋላ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የቀበሌ ዘበኛ ነው? ወይስ ይኼ ባለግጥም?»

ባለግጥሙ እኔ ነኝ። የመስክ ወረቀቶቹን ጉልበቴ ላይ ከምሬ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። የእኔ ነገር ሲነሣ፣ የተስተካከሉትን ወረቀቶች እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ።

ኃላፊያችን መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ገና አርባ ያልሞላው፣ ከገብስ በቀር ምንም የማያስደስተው ሰው ነበር። «ሪፖርቱ በዚህ ወር መሄድ አለበት» አለ ወደ ውጭ እያየ። «የገብሱ ስም ተጽፎ ማለቅ ነበረበት። በየቀኑ ይጻፋል፣ በየቀኑ ይጠፋል። ‹ምን ሆኖ ነው?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? አሻጥር ነው ልበል?»

መጨረሻ ላይ ሳቅ ቢጤ ጨመረበት። እኛ ግን አልሳቅንም። ያ ቃል በዚያ ዘመን ለቀልድ የሚሆን አልነበረም። በሬዲዮ ይነገራል፣ በስብሰባ አዳራሾች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ የተባለበት ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ መመለሱ እርግጥ አይደለም።

እትዬ እጆቻቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ምነው?» አሉ። «ምነው ጓድ ኃላፊ?»

ከዚያ ቀን በፊት «ጓድ» ብለውት አያውቁም ነበር። እሱም ስለገባው ፊቱ ቀላ። «እርስዎን አላልኩም» አለ። «ደግሞም መፍትሔ አለ። አዲ አርቃይ ያለው ጣቢያችን ታይፒስት አጥቷል። እዚያ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለም፣ በለመዱት ታይፕ ይሠራሉ።»

አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወዲያ ነው። እትዬ ጎንደር ውስጥ የሚማሩ ልጆች፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናትም ነበሯቸው። ያን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የዚያ ሰሞን ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ገብሱን የበላው የእትዬ እጅ ነው ወይስ ማሽኑ? እጃቸው ከሆነ ሊማሊሞን ሊወርዱ ነው፤ ምናልባትም ያ ቃል አብሯቸው ሊወርድ ነው።

ቢሯችን ከፒያሳ ወደ ማራኪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአዋጅ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። የመስክ ሠራተኞች ደባርቅንና ዳባትን፣ ከትክል ድንጋይ በላይ ያለውንም ደጋ እየዞሩ ከየገበሬው ጎተራ የገብስ ዘር ይሰበስባሉ። ገበሬው ዘሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከየት እንዳገኘው፣ ለምን እንደሚወደው ይጽፋሉ። ዘሩ በከረጢት ሆኖ መጋዘን ይገባል፣ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ይመጣል። የተቀጠርኩት ደግሞ የእነዚያን ሠራተኞች የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለምችል ብቻ ነው። በሚንገጫገጭ ላንድሮቨር ላይ የተጻፈ «ዳባት»ን ከ«ደባርቅ» ለመለየት ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ትምህርቴን ሳልጨርስ ትቼ፣ ገጣሚ ነኝ እያልኩ ከተማውን ስዞር የከረምኩ ሰው ስለሆንኩ እድሌን አልጠየቅኩም።

ሥራውን ወደድኩት። ገበሬዎቹ ለገብስ ስም ሲያወጡ አይሰስቱም። ገለባ የሌለው፣ ሳይወቀጥ እንዲሁ የሚቆላ አንድ ዓይነት አለ፤ ሰነፍ ቆሎ ይሉታል። መጀመሪያ ይህን ስም ያወጣው ሰው አጠገቡ ማን ተቀምጦ ነበር? ሚስቱ? ወንድሙ? ስሙን ባነበብኩ ቁጥር ከጀርባው አንድ የሚስቅ ሰው ይታየኝ ነበር። እኔ የአንድ ግጥም መጀመሪያ ፍለጋ ሳምንት ስቆዝም፣ እነሱ ከአጨዳ መልስ በሁለት ቃል ጨርሰውታል።

ኮምፒዩተሩ አዲስ ነው ይባል እንጂ ከሦስት ሙታን የተነሣ ነበር። በእርዳታ ከመጡና መሥራት ካቆሙ ሦስት ማሽኖች ቴክኒሻኑ ከአንዱ ሣጥኑን፣ ከአንዱ ዲስኩን፣ ከሌላው ስክሪኑን ወስዶ ገጣጠመው። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዘር በሚለቀምበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ብልቶቹን ደርድሮ፣ ገብስ የገባበትን እየነፋ፣ ብቻውን እያፏጨ ሠራው። ስክሪኑ መጀመሪያ የበራ ዕለት ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ለሁላችንም አደለን። እንዳይበራ ፈርቶ እንጂ ካራሜላውን ቀደም ብሎ ገዝቶት ኖሯል።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ሲጠፋ ሰዓትና ቀን የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ ነበረች፤ አዲስ አበባ ድረስ ተጠይቆ አልተገኘችም። ስለዚህ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር፣ የት እንዳደረ እንደማያውቅ ሰካራም፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። የከፈተው ሰው ይነግረዋል፣ ሥራ ይጀምራል።

ሥራው ተከፍሎ ነበር። ጠዋት ቴክኒሻኑ ራሱ ማሽኑን ከፍቶ የዘሩን ክብደትና የተሰበሰበበትን ከፍታ ያስገባል፤ ጠዋት እትዬ የኃላፊያችንን ደብዳቤዎች በታይፕ ይመታሉ። መብራቱ ቀትር ላይ ስለሚዋዥቅ ምሳ ሰዓት ማሽኑ ይጠፋል። ከምሳ በኋላ እትዬ ይከፍቱታል፣ እኔ የገብሱን ስም አነባለሁ፣ እሳቸው በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። ስንጨርስ ጽሑፉ ዲስኩ ውስጥ ይቀመጣል። ቴክኒሻኑ ዲስኩን ስለማያምነው ሁልጊዜ አንድ ቅጂ በፍሎፒ፣ በዚያ ወጥቶ በሚገባው ስስ ዲስክ፣ እንዲኖር አድርጓል። ማሽኑ ሲከፈት ሁለቱን ያነጻጽርና አዲሱን በአሮጌው ላይ ይገለብጣል። ይህን ራሱ ነው ያዘጋጀው፤ ሲያስረዳን ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ከዚያ መጥፋት መጣ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከዳባት የመጣውን ሁሉ ጽፈን እንሄዳለን፤ ነገ ጠዋት ሲከፈት ከዳባት አንድም ስም የለም። የጠዋቱ ክብደት አለ፣ ከፍታው አለ፣ ስሙ የለም። እንደገና እናነባለን፣ እንደገና ይጠፋል።

ቴክኒሻኑ ይዞት የመጣው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ዲስኩ ነበር። «እያንዳንዱ ጽሑፍ የት እንደተቀመጠ የሚመዘገብበት ክፍል አለው» አለን። «እሱ ተበላሽቶ ይሆናል። የመጋዘን ኃላፊው የትኛውን ከረጢት የት እንዳስቀመጠው ከረሳ፣ ገብሱ ቢኖርም የለም ማለት ነው።» ስለዚህ ዲስኩን የሚመረምር ፕሮግራም አስነሣበት። አንድ ጊዜ፣ መብራት ድንገት በሄደ ማግስት፣ የማንም ያልሆኑ ቁርጥራጮች አገኘና ደስ አለው። አጸዳቸው። በማግስቱም ገብሱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በተጠየቀ ቁጥር ዲስኩ ደህና ነው ይላል።

ሽቦውን ቀየረ። የማስታወሻ ቺፖቹን አንድ በአንድ እየነቀለ እግሮቻቸውን በእርሳስ ላጲስ ጠርጎ መለሰ። ኃይል መስጫውን ከሌላ ሣጥን አምጥቶ ሞከረ። ማሽኑ ሆዱን ተዘርግፎ ሲውል እትዬ በበሩ ብቅ ይሉና «ዛሬስ የበላው ገብስ ተገኘበት?» ይላሉ። ያኔ ገና ቀልድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሚጠፋው ከሰዓት በኋላ የተጻፈው ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ ቀልዱም ቀረ፣ የዚያን ቀኑ ክርክር መጣ።

«እሺ» አለ ኃላፊያችን አዲ አርቃይን ካነሣ በኋላ። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ እትዬ ይረፉ። እሱ ራሱ ይቀመጥ። ጠዋት ሲከፈት እናያለን።»

«ሸጋ!» አሉ እትዬ። «ሸጋ ነገር አመጡ። ይቀመጣ! የእሱንም ይብላበትና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ከምሳ በኋላ ቴክኒሻኑ ማሽኑን ከፈተ፣ እኔ አነበብኩ፣ እሱ ጻፈ። እንደ እትዬ አይፈጥንም፤ በሁለት ጣት ነው የሚለቅመው። «ሰነፍ ቆሎ» ስለው «እንደገና» ይለኛል፣ እንደገና ስለው ፊደሉን በዓይኑ ይፈልጋል። እትዬ ከወዲያኛው ክፍል ታይፓቸውን እንደ መትረየስ ያንጣጡት ነበር። ሆን ብለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አራታችንም ማሽኑ ፊት ተሰበሰብን። ተከፈተ። ገብሱ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው፣ በረድፍ ተቀምጧል።

ቴክኒሻኑ ራሱ ደስ አላለውም፤ አንገቱን ሰብሮ ኪቦርዱን ያያል። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዛሬም በደንብ ልጽፈው አልችልም። ሰው እጁን እንደ ባዕድ ሲያየው አይቼ አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ያጎረሳቸውን እጅ፣ ያን ጠዋት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «አንተ ነህ እንዴ?» የሚሉት ይመስሉ ነበር።

ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ…» አለ።

«እንግዲህ የለም» አሉ እትዬ። «ዛሬ እኔ እቀመጣለሁ። ሦስታችሁም እዚህ፣ ከኋላዬ። ከማበራበት እስከማጠፋበት ድረስ ትቆማላችሁ። እጄ የሚያጠፋ ከሆነ ሲያጠፋ እዩት። ሰው ባላየበት አዲ አርቃይ አልሄድም።»

ኃላፊያችን ሰዓቱን ሊያይ ክንዱን አነሣና ተወው። ከምሳ በኋላ ቆምን። እኔ በስተግራቸው፣ ቴክኒሻኑ በስተቀኛቸው፣ ኃላፊያችን መሐል። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች እርስ በርስ ትከሻችን ይነካካል። ልብ በሉ፤ ከዚያ በፊት ማናችንም እሳቸው ማሽኑን ሲከፍቱ አይተን አናውቅም። ቴክኒሻኑ ከምሳ ዘግይቶ ይመጣል፣ እኔ ወረቀቶቼን ከመጋዘን ይዤ ስደርስ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቀኛል።

እትዬ ማብሪያውን ጫኑ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ቀኑን ጠየቀ። ሁላችንም ጣቶቻቸውን እያየን ነው። እሳቸውም እየታዩ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ሕፃን እንደሚያስጠና ሰው፣ የሚጽፉትን ጮክ ብለው ይናገራሉ።

«ወር፣ ዘጠኝ።» ዘጠኝን መቱ። «ቀን…» ቀኑን መቱ። «ዓመተ ምሕረት፣ ሰማንያ።»

ጣታቸው ከስምንቱ ተነሥቶ ዜሮዋ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ቀጥሎ የሰማሁት የቴክኒሻኑን ድምፅ ነው።

«ስንት አሉ?»

«ሰማንያ።»

«ሰማንያ?»

«አዎ፣ ሰማንያ! ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ደግሞ እሱንም አታውቅም?»

«እትዬ፣ ሰማንያ ስምንት ነው እኮ!»

እትዬ ወንበሩ ላይ ዞሩ። «የት አገር?»

ቴክኒሻኑ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የታመመ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ያ ዝምተኛ ሰው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጣ ይስቃል።

«ምን ሆነ? ምን ተገኘ?» ይላል ኃላፊያችን።

ሲረጋጋ ተነሥቶ አሳየን። ስክሪኑ ላይ ከያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን የተጻፈበት ቀን ይታያል። ጠዋት እሱ ሲከፍት በፈረንጅ ቀን ነው፤ ማሽኑ የፈረንጅ ነው ብሎ ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። ከሰዓት በኋላ እትዬ ሲከፍቱ በእኛ ቀን ነው፤ ቀን ጻፊ ለተባለች የጎንደር ታይፒስት ሌላ ቀን የለም። ስለዚህ ማሽኑ ዘንድ እትዬ ከሰዓት በኋላ የጻፉት ሁሉ ቴክኒሻኑ በዚያው ቀን ጠዋት ከጻፈው በስምንት ዓመት ያረጀ ነው። ጠዋት ሲከፈት ያ የኩራት ፕሮግራም ሁለቱን ያነጻጽራል፤ በፍሎፒው ላይ ያለው የጠዋቱ ቅጂ «አዲስ» ሆኖ ይገኛል፤ የእትዬን ገብስ በላዩ ገልብጦበት ያጠፋዋል። ዲስኩ አልታመመም። የታዘዘውን ሳያዛንፍ የሚሠራ ታማኝ ሎሌ ነበር።

«ዓመተ ምሕረቱን ሲቀበል አንድ ቃል እንኳ አላለም?» አልኩት።

«ምን ይላል! ይኼ ማሽን ከሰማንያ በፊት ዓመት መኖሩን አያውቅም። ከዚያ ነው የሚጀምረው። አምና ሠርተነው ቢሆን ሰባ ዘጠኝ ስትሉት አልቀበልም ብሎ ጉዱ በመጀመሪያው ቀን ይወጣ ነበር።»

ለማሽኑ ዓለም የተፈጠረችው በሰማንያ ነው ማለት ነው። ይህን እስካሁን ግጥም ላደርገው እየታገልኩ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እንዲሁ ሰምቼው ብቻ ደስ አለኝ። ጎንደር ላይ ዓለም ተፈጥራ ገና ዓመት አልሞላትም፣ የመጀመሪያው ጭቅጭቅም በገብስ ተነሥቷል።

ኃላፊያችን ግን ሳይንቲስት ነው፤ መልስ ይፈልጋል። «ታዲያ ትክክለኛው የማን ነው?»

«ሁለቱም» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

«የአገሩ ነዋ!» አሉ እትዬ። «የእርስዎን ደብዳቤ በምን ቀን ነው የምመታው? ደመወዝ የምንፈርመው በማን ቀን ነው?»

«በእኛ እንዳይሆን» አለ ቴክኒሻኑ «ጳጉሜን አለች። ወር አሥራ ሦስት ብንለው አይሰማም።»

«ጳጉሜን ላይ ይዘጋላ!» አለ ኃላፊያችን። «ዓመት ሙሉ ሠርቶ ጳጉሜን እንኳ ይረፍ እንጂ።»

«ጥቅምት ሠላሳስ? ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ ይመስለዋል። ሠላሳ ቀን የለውም።»

«ማርያምን አያውቅም፣ ጳጉሜን አያውቅም፣ ጥቅምትን ይቀማል» አሉ እትዬ። «ምን የሚሉት ፍጥረት ነው የሠራኸው፣ ኢንጂነሩ?»

በስተመጨረሻ ለማሽኑ የፈረንጁ ቀን ይሁን ተባለ። ኃላፊያችን ሸክሙ የወረደለት ሰው ሆነ፤ እጆቹን አፋተገ፣ ወዲያው ወደ ሥራ። «እንግዲያው አሁኑኑ እንጀምር! የዳባቱን እንደገና፣ ከዚያ የደባርቁን። ሪፖርቱ ይደርሳል።» ወደ እኔ ዞሮ «ወረቀቶቹን አምጣ» አለኝ። እኔ በደስታ ነው የተነሣሁት። እነዚያን ስሞች ደግሞ ማንበብ ለእኔ ቅጣት አልነበረም።

እትዬ ግን ከወንበሩ አልተነሡም፣ ኪቦርዱንም አልነኩም። እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እትዬ?» አለ ኃላፊያችን።

«እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን?»

«ያቺን ቃል። ትናንት ያወጧት። መልሰው ያስገቧት።»

ዝናብ ሊመጣ ነው መሰል ክፍሉ ጨለም ብሎ ነበር። ኃላፊያችን ቴክኒሻኑን አየ፣ እኔን አየ። «ቀልድ ነበር እኮ» አለ።

«እኔ አልሳቅኩም።»

«ሪፖርት ላይ አልጻፍኳትም።»

«ቢጽፏትማ መመለሻም የለኝ።»

ቴክኒሻኑ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። እንደ ኃላፊያችን ያለ ሰው በዚያ ዘመን ሠራተኛው ፊት ይቅርታ ሲል አይታይም፤ የሚያውቀውም አልመሰለኝ። ከዚያ ኮቱን እንደ መቆለፍ አደረገና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለ። «መናገር አልነበረብኝም። አዲ አርቃይንም ተዉት። እዚሁ ነዎት።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሡ። ቦርሳቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወዴት ነው? ገብሱስ?»

«ገብሱ ነገ። ቀኑንም ነገ ትነግሩኛላችሁ፣ የነገራችሁኝን እጽፋለሁ።» በሩ ጋ ሲደርሱ ቴክኒሻኑን ዞረው አዩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ከሰዓት በኋላ በመጣሁ ቁጥር በማሽንህ ዕድሜዬ በስምንት ዓመት ይቀንስ ነበር ማለት ነው። ምናለ ዝም ብትል!»

ወጡ፣ በሩንም ሳብ አድርገው ዘጉት።